በፖከር ካርታ የማደል ሥርዓትና ማጭበርበርን የመከላከል ድርሻው

ፖከር በገንዘብ የሚካሄድ የካርታ ጨዋታ በመሆኑ፣ ካርታውን በውዞ የሚያድለው ሰው በውጤቱ ላይ ከማንኛውም ተጫዋች የበለጠ ሥልጣን ሊኖረው ይችላል። ጨዋታው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሜሪካ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ የእንፋሎት መርከቦች ላይ ሲስፋፋ፣ በማጭበርበር የሚተዳደሩ ሰዎችም አብረውት ተስፋፍተዋል። ዛሬ በላስ ቬጋስ ካሲኖዎች የሚሠራባቸው የማደል ደንቦች ለተመልካች የእጅ ልማድ ብቻ ቢመስሉም፣ አብዛኞቹ ለታወቁ የማጭበርበሪያ ዘዴዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው። ዓላማቸው አጭበርባሪን ከመያዝ ይልቅ ድካሙን ከንቱ ማድረግ ነው።

የሥርዓቱ መነሻ ብወዛ ነው፤ ቃሉን አንባቢ ከካርታው ይልቅ ከሹማምንት ዝውውር ዜና ያውቀው ይሆናል። አዳዩ በመጀመሪያ 52ቱን ካርታዎች ፊታቸውን ወደ ታች አድርጎ በጠረጴዛው ላይ ይበትንና በሁለት እጁ ያማስላቸዋል። ቀጥሎ ለሁለት ከፍሎ ጠርዞቻቸውን ሁለት ጊዜ ያጠላልፋል፣ ከዚያም ከላይ በትንሽ በትንሹ እየገፈፈ ይደራርባቸዋል፣ በመጨረሻ አንድ ጊዜ ደግሞ ያጠላልፋቸዋል። ይህ ሁሉ የሚከናወነው ካርታው ከጠረጴዛው ሳይነሣ ነው፤ በእጅ ከፍ ተደርጎ ሲበወዝ የታችኛው ካርታ ለአዳዩም ለጎረቤቱም ይታያልና። የሒሳብ ሊቃውንቱ ፐርሲ ዲያኮኒስና ዴቭ ቤየር እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት፣ በማጠላለፍ ብቻ ካርታን በሚገባ ለመደባለቅ ሰባት ጊዜ ያህል እንደሚያስፈልግ አሳይተዋል። ሦስት ጊዜ ብቻ የሚያጠላልፍ አዳይ ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ የመጀመሪያውን ማማሰል ሲዘል፣ ከሥርዓቱ ዋነኛውን ክፍል ዘለለ ማለት ነው።

ብወዛው ሐሰተኛ ቢሆን እንኳ መቁረጡ፣ ማለትም ክምሩን ለሁለት ከፍሎ የታችኛውን ከላይ ማድረጉ፣ የተደረደረውን ቅደም ተከተል ያዛባል። በቤት ጨዋታ አዳዩ ራሱ ተጫዋች ስለሆነ፣ ካርታውን የሚቆርጠው በስተቀኙ የተቀመጠው ሰው ነው፤ ሁለቱ ካልተመሳጠሩ በስተቀር አዳዩ የደረደረው ለማን እንደሚደርስ አያውቅም። የተቆረጠውን በእጅ ቅልጥፍና ወደ ቀድሞ ቦታው የሚመልሱ ስላሉ፣ በካሲኖ መቁረጥ በአንድ እጅ፣ በጠረጴዛው ላይ፣ ሁሉም እያየ ይፈጸማል። ከሥር የሚገባው ባለ አንድ ቀለም የፕላስቲክ መቁረጫ ደግሞ የታችኛውን ካርታ ከዓይን ይሰውራል፣ ከታች መዝዞ ማደልንም ያከብዳል።

ቴክሳስ ሆልደም በተባለው የፖከር ዓይነት፣ ሁሉም ተጫዋቾች የሚጠቀሙባቸው የጋራ ካርታዎች በሦስት ዙር ከመገለጣቸው በፊት፣ በየዙሩ የላይኛው ካርታ ሳይታይ ወደ ጎን ይደረጋል፤ ይህም ማቃጠል ይባላል። አንድ ተጫዋች የካርታ ጀርባ በጥፍር ወይም በቀለም ምልክት አድርጎ ከሆነ፣ ውርርዱ እየተካሄደ ሳለ ከክምሩ አናት ላይ የሚያየው ካርታ ጨዋታ ውስጥ አይገባም። ዘዴው ቀላል ነው፤ ሆኖም ብዙ ሰዎች ትርጉሙን ሳያውቁ የሚፈጽሙት ይመስላል። የተጣሉ ካርታዎችም በአንድ ክምር ተሰብስበው ከተጫዋቾች እጅ ይርቃሉ። አዳዩ ከጠረጴዛው ሲነሣ እጆቹን አጨብጭቦ መዳፎቹን ለካሜራ ያሳያል፤ ምንም ይዞ አለመሄዱ በዚህ ይታያል።

ብዙ ካሲኖዎች ዛሬ ብወዛውን ለማሽን ሰጥተዋል። ማሽኑ ጨዋታውን ያፋጥናል፣ የአዳዩንም እጅ ከጥርጣሬ ያወጣል፤ ጥርጣሬው ግን ወደ ማሽኑ ተዛወረ። እ.ኤ.አ. በ2023 በላስ ቬጋስ በተካሄደው የብላክ ሃት ጉባኤ የኮምፒዩተር ደኅንነት ተመራማሪዎች፣ ዴክሜት 2 የተባለውን ማሽን በዩኤስቢ ቀዳዳው ሰብሮ በመግባት፣ በውስጡ ባለው ካሜራ አማካይነት የካርታዎቹን ቅደም ተከተል ማወቅ እንደሚቻል አሳይተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ማሽኑ በውዞ ያወጣውን ካርታ በሰው እጅ እንደገና መቁረጥ የቀድሞ ጥቅሙን በከፊል ያገኛል፤ የተነበበው ቅደም ተከተል ከየት እንደሚጀምር አጭበርባሪው ካላወቀ መረጃው ብዙም አይጠቅመውም፤ ሆኖም የራሱን ካርታዎች አይቶ መነሻውን ሊያሰላ ይችላል።