ውርስ ትርጉም ምንድን ነው? የድራኩላን ጣት ተከትለን

ልጅ ሆነን ደብረ ማርቆስ ቪዲዮ ቤት ተጋፍተን ያየነው ደም መጣጭ፣ ፀሐይ ስትነካው ያልቅለት ነበር። ይህን እንደ አባታችን ሆይ በቃላችን ይዘነው አደግን። ኋላ የብራም ስቶከርን ድራኩላ ሳነብ ግን ሰውዬው ለንደን መሀል፣ በቀን፣ ቆንጆ ሴት እያየ ቆሞ አገኘሁት! ቀን ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል እንጂ ፀሐይ አትገድለውም።

ልቦለዱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ገዳይዋን ፀሐይ ያመጣው በ1922 የተሠራው የጀርመኑ ፊልም ኖስፌራቱ ነው።

ውርስ ትርጉም ማለት ይሄ ነው። ታሪኩን ወርሶ በሌላ ቤት ማኖር፤ ለምሳሌ የመጽሐፉን በፊልም። ወራሽ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ እንዳለ አያስቀምጥም። ይሸጣል፣ ይለውጣል፣ የራሱን ይጨምራል። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክልን ግን ውርስ ትርጉም አልሠራም፤ ያነበበው የሐዲስ ዓለማየሁን ቃል ነው። (የእኛ አገር ሰው መጽሐፉን ሲገልጥ ዛሬም የወጋየሁ ድምፅ ቢሰማውም።)

የኖስፌራቱ ውርስ እንኳ ያለ ፈቃድ ነበር። ስም ቀያይረው ድራኩላን ኦርሎክ ቢሉትም የስቶከር ሚስት ከሰሰች። ፍርድ ቤት ፊልሙ ይጥፋ ብሎ ወሰነ። ጥቂት ቅጂዎች አመለጡ።

አሁን አንዲት ትዕይንት ብቻ እንያት። በመጽሐፉ እንግዳው ጆናታን ሃርከር ሲላጭ ምላጭ ይቆርጠዋል። ድራኩላ ደሙን ሲያይ ወደ ጉሮሮው ይሰነዝራል፤ እጁ መስቀል ያለበትን መቁጠሪያ ሲነካ ግን ወዲያው ይበርዳል። በ1922ቱ ፊልም እንግዳው የሚቆረጠው እራት ላይ፣ ዳቦ ሲቆርስ አውራ ጣቱን ነው። ተዋናዩ ቤላ ሉጎሲ ድራኩላን ሆኖ በሠራበት የ1931ዱ ፊልም፣ በሃርከር ፈንታ ወደ ድራኩላ ግንብ የሚሄደው ሬንፊልድ የሚባል ሰው ነው፤ ጣቱን የሚወጋው የወረቀት ክሊፕስ ነው። ክሊፕስ! የ1992ቱ የዳይሬክተር ኮፖላ ፊልም ወደ ምላጩ ተመለሰ፤ ግን ድራኩላው ምላጩን ይልሰዋል። ይሄ መጽሐፉ ውስጥ የለም።

ለእኔ የዳቦው ይበልጣል። እንግዳ ሆነህ ማዕድ ቀርበሃል። ጋባዥህ ምግቡን አይነካም። የሚያየው ጣትህን ነው። እንግዳ ሲመጣ «ብላ እንጂ፣ በሞቴ!» በሚባልበት ቤት ላደገ ሰው ከዚህ የባሰ ምን አለ? የምላጩ መላስ ግን ትንሽ በዛብኝ።

ታሪኩን አንድ የጎጃም ልጅ ቢወርሰውስ? በልቦለዱ መስቀሉን ለሃርከር መንገድ ላይ የሰጠችው የእንግዳ ማረፊያ ቤት ሴትዮ ናት። እኛ ጋ ሴትዮዋ አታስፈልግም፤ ማተቡ ከክርስትናው ጀምሮ አንገቱ ላይ ነው። ታዲያ ድራኩላ አጠገቡ እንዲደርስ ከተፈለገ ጸሐፊው መጀመሪያ ክሩን የሚበጥስበት ዘዴ ማግኘት አለበት።