ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ይህ አባባል የሚነገረው ከሥራው በፊት ማዕረጉን ለሚያነሳ ሰው ነው። ሳይመረቅ «ኢንጂነር» በሉኝ ለሚል፣ አንድ ገጽ ሳያነብ ለፍርድ ለሚቸኩል፣ በተመረጠ ማግስት የዕድሩን መተዳደሪያ ደንብ ሳያገላብጥ ቅጣት ለሚቆርጥ ሊቀመንበር። አነጋገሩ ቤት ይመታል፣ ስድብም የለበትም። ሽማግሌ ፈገግ ብሎ ጣል ያደርገዋል፤ የተነገረውም ሰው ሳቅ ካለው ይስቃል፣ ከሌለው ካልሲውን ያስተካክላል። አንዳንዱ ገልብጦ «መማር ይቅደም ከመጠምጠም» ይለዋል፤ ያው ነው።

ጥምጥሙ የካህኑና የመምህሩ ነጭ ጥምጥም ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ደግሞ ወደዚያ ጥምጥም የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው። ልጁ ከፊደል ይነሳል። አቡጊዳውን፣ መልእክተ ዮሐንስን ይወጣና ዳዊት ይገባል፤ 150ውን መዝሙር ሲወጣው ገና ንባብ ቤትን ጨረሰ እንጂ ተማረ አይባልም። ከዚያ አገሩን ጥሎ ይሄዳል። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ የመንደር ውሻ እየተከተለው። ዜማ ቤት ድጓውን፣ ጾመ ድጓውን ይቀጽላል። ቅኔ ቤት በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ይቆጥራል፤ ቀን የቋጠረውን ቅኔ መምህሩ ፊት ይነግርና አንዲት ሰዋስው ከሳተች ይመለሳል። ትርጓሜ መጻሕፍት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ጉርምስናውን የጨረሰ ሰው አጠገቡ ትናንት የመጣ ልጅ ጠምጥሞ ቢያይ ምን እንደሚል መገመት አይከብድም። አባባሉ የወጣው ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። ጨርቁ እኮ ገበያ ላይ በሜትር ይሸጣል፤ ችግሩም እሱ ነው።

ግን ጥምጥም በአንድ ራስ ላይ ብቻ አይደለም ያለው። የወሎ ሼህም ይጠመጥማል። ወደ እሱ ጥምጥም የሚወስደው መንገድም ከዚያኛው ብዙ አይለይም። ልጁ በጥላሸት ቀለም ሉህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ እየጻፈ፣ ሲይዘው አጥቦ እንደገና እየጻፈ ቁርአን ይቀራል፣ ማለት ያነባል። 114 ሱራ አለ። ከዚያ ደረሳ፣ ማለት የሃይማኖት ተማሪ ሆኖ ቤቱን ይተዋል፤ አንድ ሼህ ዘንድ ፊቅህ (የሃይማኖቱን ሕግ)፣ ሌላው ዘንድ ነህው፣ እየዞረ ይቀራል፤ እሱንም የሚያበላው የመንደሩ ሰው ነው። ነህው የዐረብኛ ሰዋስው ነው፤ ተፍሲር፣ የቁርአን ትርጓሜ፣ ያለ ነህው አይሆንም፣ ቅኔም ያለ ግእዝ ሰዋስው እንደማይሆን ሁሉ። የቆሎ ተማሪውና ደረሳው አንድ መንገድ ላይ ቢገናኙ፣ አንዱ የሌላውን እግር አይቶ ስንት ቀን እንደሄደ ያውቅ ነበር።

አባባሉ ታዲያ «የእኛ ጥምጥም» አላለም። የትኛውን መጽሐፍ መማር እንደሚቀድምም አልነገረንም። እኔ ደስ የሚለኝ ይህ ቦታው ነው። ራሱ ላይ ያለውን ትተህ የተማረውን ጠይቅ ካለን፣ የተማረው ሰው ከሌላ ሃይማኖት ቢሆንስ? «የተማረ ይግደለኝ» የሚለው አገር፣ ገዳዩን እንኳ ሃይማኖቱን አልጠየቀውም።

ከአዲስ አበባ ዳር፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይህ ጥያቄ በየቀኑ ደጁን ያንኳኳል። ጎረቤቱን የመረጠለት ዕጣ ነውና። በአንድ ደረጃ ላይ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ጴንጤው በር ለበር ገጥመዋል። ሰርግም ለቅሶም ያው ኮሚናሉ ጋ ነው፤ ድንኳኑ አንድ፣ ሥጋው ግን ሁለት ቦታ ይታረዳል፣ በየራሱ ቢላዋ። ይህን ማንም አይከራከርበትም፤ ሳህኑ ላይ ምልክት ይደረግና ያልፋል።

እንዲህ ባለ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው፣ ከ2018ቱ ሁዳዴ በፊት፣ ወተትና እንቁላል የሚሸጡት ሐጂ አጠገባቸው ወደተቀመጡት መሪጌታ ዘንበል ያሉት።

«መሪጌታ፣ ሁዳዴ መቼ ይገባል? ወተት አምጪዎቹን ቀድሜ ቀንሱ ልበላቸው ብዬ ነው።»

«ካላንደሩ ላይ አለልዎት እኮ ሐጂ።»

«እሱንማ አይቻለሁ። ከየት እንደምታመጡት ነው የጠየቅኩዎ።»

መሪጌታ ከውሃ ካርቶን ላይ ቁራጭ ቀደዱና እስክሪብቶ ተቀበሉ። ባሕረ ሐሳብ የሚባለው ስሌት ነው። 5500 ላይ 2018 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል ቀሪው 13፤ አንዱን ለዘመን ያነሳሉ፣ ወንበሩ 12። ወንበሩን በ11 ሲያባዙት 132፣ በ30 ሲገድፉት (ሠላሳ ሠላሳውን ሲጥሉት) 12 ቀረ፣ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩን ደግሞ በ19 ሲያባዙት 228፣ በ30 ሲገድፉት 18፣ ይህ መጥቅዕ። መጥቅዑ የሚውልበት መስከረም 18 በዚያ ዓመት እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 7 ነው፤ 18 እና 7፣ 25። እንግዲህ የነነዌ ጾም የሚገባው ጥር 25 ሰኞ ነው። 14 ቀን ይቆጥሩና ሁዳዴ የካቲት 9 ሰኞ ይገባል።

ሐጂ ካርቶኑን ወሰዱት። ሒሳብ የሚያውቁ ነጋዴ ናቸው፤ ማካፈሉና ማባዛቱ አላስቸገራቸውም። ጣታቸው ያረፈው አንድ ቁጥር ላይ ነው።

«ይቺ 11 ከየት መጣች?»

«የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነው፣ የጨረቃው 354። ልዩነቷ ናት።»

«ታዲያ እኮ ረመዳናችን በየዓመቱ ቀድሞ የሚገባባት ናት!»

ናት። አንዲት ጨረቃ ናት። ቤተ ክርስቲያኒቱ በአበቅቴ የምትቆጥራት 11 እና ረመዳንን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን የምታስቀድመው አንድ ናቸው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ባሕረ ሐሳብ የተጠራቀመውን ቀን በሠላሳ እየገደፈ ጾሙን ወደ ወቅቱ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ሁዳዴ ከየካቲት 1 በፊት አይገባም፣ ከመጋቢት 5ም አያልፍም። ረመዳን ግን ክረምት ከበጋ ሳይል ወደ 33 ዓመት ገደማ በሚሆን ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ይዞራል።

እዚህ ላይ መሪጌታ በተራቸው ጠየቁ፦ «እናንተስ አንድ ወር ጨምራችሁ ለምን አታስተካክሉትም?» ሐጂ የመለሱት መልስ ቀጥ ያለ ነበር። ወራት አላህ ዘንድ 12 ናቸው ተብሏል፣ ወርን ማዘግየትም ተነቅፏል፤ ሱረቱ አት ተውባህ ላይ አለ። አለማስተካከላቸው ስሌት ስላላወቁ ሳይሆን ስለተከለከሉ ነው።

ከእነዚህ ከሁለቱ መልስ የሚበልጠው ለእኔ ሁለተኛው ነው። መሪጌታ ይህንኑ ጥያቄ ለራሳቸው ወገን ሰው አቅርበው ቢሆን ኖሮ «አቆጣጠራቸው እንደዚያ ነው፣ የተስተካከለ ነገር የላቸውም» የሚል ነገር ይሰሙና ያንኑ ይዘው ይሄዱ ነበር። ሐጂም ስለ ባሕረ ሐሳብ መስጊድ በር ላይ ቢጠይቁ «ካህናቱ እንደፈለጉ ያደርጉታል» ባይ አያጡም። ስለ ሰው ሃይማኖት የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከተቃዋሚው የሰማነው ነው። ቲክቶክ ላይ በየማታው የሚጮኸው ተከራካሪ የሌላውን መጽሐፍ አንድ ገጽ ቆርጦ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የሚያስፈልገውም ያቺው ናት። ይህ ሰው ነው ያልተማረ ጠምጣሚ፣ ጨርቅ ራሱ ላይ ባይኖርም። ቁርአን በአማርኛ የታተመው በ1961 ዓ.ም. ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስማ ከዚያም በፊት ነበር። ማንበብ የፈለገ ሰው የቋንቋ ሰበብ ካጣ ቆይቷል።

ከሌላው መማር ሃይማኖቴን ይሸረሽረዋል ብሎ የሚፈራ ሰው ፍርሃቱ ገብቶኛል፤ ይህ ግን ተማሪነትን ከአማኝነት ጋር መቀላቀል ነው። በዚያ ድንኳን ሥጋው ለሁለት ተለይቶ ነው የተበላው፤ ሐጂ መግሪብ ሲደርስ ተነስተው ሰገዱ፣ መሪጌታም ከፍትሐቱ ቦታቸው አልቀሩም። «ሁሉን ፈትኑ፣ መልካሙን ያዙ» የሚለው የተሰሎንቄ መልእክት የራሳቸው መጽሐፍ ነው። በሙስሊሙ አፍም «እስከ ቻይናም ቢሆን ዕውቀትን ፈልጉ» የሚለው አይጠፋም፤ ዑለሞቹ ሐዲሱ ደካማ ነው ይሉታል፣ ሰዉ ግን አልተወውም። ጴንጤው ጎረቤታችን ጥምጥም የሚባል ነገር የለውም። ሆኖም ምዕራፍና ቁጥሩን ሳይገልጥ ይጠራል፤ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ጥቅስ ሲያከራክር «እሱን ጥሩት» የሚሉት ራሳቸው መሪጌታ ናቸው።

አባባሉን አለቦታው የሚጠቀሙበትም አሉ። ልጅ ጥያቄ ሲያነሳ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብሎ አፍ ማስያዝ ተለምዷል። ይህ ነገሩን መገልበጥ ነው፤ የጠየቀ ልጅ መማር ላይ ነው ያለው፣ ገና ለመጠምጠም እጁን አላነሳም። ሊባል የሚገባው ሳይጠይቅ ለሚመልሰው ነበር።

ደግሞም አባባሉ የወንዶች ነገር ይመስላል፣ ጥምጥም የወንድ ነውና። በእኛ ሕንፃ ግን ትምህርቱ ይበልጥ የሚካሄደው ደረጃው ላይ ነው፣ በሴቶቹ። በ2018 ዓ.ም. ሁዳዴ የገባበት ሳምንት ረመዳንም የገባበት ሳምንት ነበር። ከማዶ ያሉት ሙስሊም እናት ለኢፍጣር ሳምቡሳ ሲጠብሱ ሽታው እስከ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤቶቻቸው ክርስቲያኖቹ «ቅቤ ይኖረው ይሆናል» ብለው በምስጋና ይመልሱ ነበር። አንዷ ደፍራ ጠየቀቻቸው፦ «እትዬ፣ ውስጡ ምንድነው?» ምስር ነው፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ያለው፤ ሊጡ ዱቄትና ውሃ፣ መጥበሻው ዘይት። አንድም የፍስክ ነገር የለበትም። እሳቸውም በዚያው ጠየቁ፤ ኦርቶዶክስ በሁዳዴ ሥጋና ወተት መተው ብቻ ሳይሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ እህል ሳይቀምስ የሚውል እንዳለ ያን ዕለት ነው የሰሙት፤ የእነሱ ጾም ከቅበላ በኋላ ሽሮ መብላት ብቻ ይመስላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳምቡሳው ለክርስቲያኖቹም በር ይደርሳል። ሾርባው ግን ሥጋ አለበት፤ እሱን ለክርስቲያኖቹ በር አያመጡትም።