ስለ ሮቢ ኪን የእግር ኳስ ሕይወት የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አየርላንዳዊው አጥቂ ሮቢ ኪን በ1997 ለዎልቭስ ዋና ቡድን መሰለፍ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ በ2018 ጫማውን እስከሰቀለበት ድረስ በ5 አገሮች ለ11 ክለቦች ተጫውቷል (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ቁጥር ብቻውን ሲታይ አንድ ቦታ መርጋት ያቃተው ተጫዋች ያስመስለዋል፤ ስለ እርሱ የሚነገሩት ብዙዎቹ የተሳሳቱ አመለካከቶችም የሚመነጩት ከዚሁ ነው። ዝውውሮቹን በየተራ ለመረመረ ሰው ግን ከዋና ዋናዎቹ ጀርባ የሚገኘው የክለብ ዕዳ፣ የአሰልጣኝ ስንብት ወይም በአመራሩና በአሰልጣኙ መካከል የተፈጠረ አለመግባባት ነው።

«የሮይ ኪን ወንድም ነው»

ዝምድና የላቸውም። የአየርላንድ ብሔራዊ ቡድን አማካይ የነበረው ሮይ የደቡቧ ከተማ የኮርክ ልጅ ሲሆን፣ ሮቢ በ1980 ደብሊን ውስጥ ተወልዶ ታላት በተባለው ሰፈር አደገ። በ2002 የዓለም ዋንጫ ዋዜማ ሳይፓን ደሴት ላይ ከአሰልጣኝ ሚክ ማካርቲ ጋር ተጣልቶ ወደ አገሩ የተመለሰው አምበሉ ሮይ ነው፤ በዚያው ውድድር ቀርቶ ሦስት ግቦች ያስቆጠረው ደግሞ የ21 ዓመቱ ሮቢ ነው።

«ገንዘብ እያሳደደ ክለብ ይቀያይር ነበር»

በ17 ዓመቱ፣ በነሐሴ 1997፣ ለዎልቭስ በመጀመሪያ የሊግ ጨዋታው ኖርዊች ላይ ሁለት ግቦች ያስቆጠረ ልጅ በዚያ ክለብ ብዙ እንደማይቆይ ግልጽ ነበር፤ ዎልቭስ ያኔ በሁለተኛው እርከን ሊግ የሚጫወት ቡድን ነበርና። ከሁለት ዓመት በኋላ ኮቨንትሪ ሲቲ በ6 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው፤ ይህም በወቅቱ በብሪታንያ ዕድሜው ከ20 ዓመት በታች ለሆነ ተጫዋች የተከፈለ ከፍተኛው ዋጋ ነበር። ኮቨንትሪ በአንድ የውድድር ዘመን ብቻ ተጠቅሞበት ለኢንተር ሚላን በ13 ሚሊዮን ሲሸጠው ከእጥፍ በላይ አትርፏል። ትርፉ ግን በሜዳ ላይ አልጠቀመውም፤ በቀጣዩ ዓመት፣ በ2001፣ ክለቡ ለ34 ዓመታት ሳይለቅ ከቆየበት ከፍተኛ ሊግ ወረደ።

የሊድስ ዩናይትድ ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም። ሊድስ በአሰልጣኝ ዴቪድ ኦሊሪ ጊዜ በየዓመቱ በሻምፒዮንስ ሊግ እንደሚሳተፍ ተማምኖ ከፍተኛ ገንዘብ ተበድሮ ተጫዋች ሲገዛ የነበረ ክለብ ነው። ኪንን በታኅሣሥ 2000 በውሰት ወስዶ፣ በ18 የሊግ ጨዋታዎች 9 ግቦች ካስቆጠረለት በኋላ በ12 ሚሊዮን ፓውንድ አስቀረው። ክለቡ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት የሻምፒዮንስ ሊግ ተሳትፎ ሲያመልጠው አበዳሪዎች በሩን ማንኳኳት ጀመሩ፤ በ2002 ክረምት ሪዮ ፈርዲናንድ ለማንቸስተር ዩናይትድ፣ ኪን ደግሞ በ7 ሚሊዮን ብቻ ለቶተንሃም ተሸጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሊድስም ወረደ። ሁለቱም ክለቦች እርሱን የሸጡት ገንዘቡ ስላስፈለጋቸው ሆኖ ሳለ፣ ክለብ ለዋጭ የሚለው ስም የተረፈው ለተሸጠው ሰው መሆኑ ያስገርማል።

ስለ መርጋት ከተነሳ ደግሞ ቶተንሃምን መዝለል አይቻልም። በሁለት ጊዜ ቆይታው ለሰሜን ለንደኑ ክለብ 306 ጨዋታዎች አድርጎ 122 ግቦች አስቆጥሯል፤ ከዲሚታር ቤርባቶቭ ጋር የፈጠረውን ጥምረት የፕሪምየር ሊጉ ተከታታይ ሁሉ ያስታውሰዋል። ሎስ አንጀለስ ጋላክሲም ከአምስት ዓመት በላይ ቆይቷል። 11 ክለቦች የሚለው ቁጥር ውስጥ ሴልቲክ፣ ዌስትሃም እና አስቶንቪላ የተቆጠሩት ለጥቂት ወራት በውሰት ስለሄደባቸው ነው።

«ለጣሊያን እግር ኳስ ስላልበቃ ኢንተር አሰናበተው»

ኢንተር ሲደርስ 20 ዓመት የሞላው በዚያው ወር ነበር። ከፊቱ የተሰለፉትን አጥቂዎች መቁጠር ብቻ ይበቃል፤ ክርስቲያን ቪዬሪ፣ አልቫሮ ሬኮባ፣ ኢቫን ዛሞራኖ፣ ሃካን ሹኩር፣ እንዲሁም በጉዳት ላይ የነበረው ብራዚላዊው ሮናልዶ። ያም ሆኖ እርሱን ያስመጣው አሰልጣኝ ማርቼሎ ሊፒ ያምንበት ነበር፤ ኢንተር በላዚዮ 4 ለ 3 በተሸነፈበት የጣሊያን ሱፐር ካፕ ጨዋታም ግብ አስቆጥሯል።

ነገሩን የቀየረው በሜዳ ያሳየው ብቃት ሳይሆን የሊፒ ዕጣ ነው። ኢንተር በሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ በስዊድኑ ሄልሲንቦርግ ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ፤ የጣሊያን ከፍተኛ ሊግ የሆነው ሴሪ አ ሲጀመር ደግሞ በመጀመሪያው ጨዋታ በሬጂና 2 ለ 1 ተረታ፤ ሊፒም ወዲያው ተሰናበተ። በቦታው የተተካው ማርኮ ታርዴሊ ለወጣቱ አየርላንዳዊ ቦታ አልነበረውም፤ ኪንም በሴሪ አ 6 ጊዜ ብቻ ተሰልፎ በታኅሣሥ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። አንድ ተጫዋች ለአንድ ሊግ ይብቃ አይብቃ በ6 ጨዋታ መፍረድ የሚቻል አይመስለኝም። የሚያስቀው ነገር፣ ይኸው ታርዴሊ ከ2008 ጀምሮ የጆቫኒ ትራፓቶኒ ምክትል ሆኖ የአየርላንድን ብሔራዊ ቡድን ሲያሠለጥን የቡድኑ አምበል ሆኖ ያገኘው ያንኑ ኪንን መሆኑ ነው።

«በሊቨርፑል የከሸፈው ግብ ማስቆጠር ስላቃተው ነው»

ከሁሉም ይልቅ ሥር የሰደደው አስተሳሰብ ይህ ነው፤ ከፊል እውነትነትም አለው። በሐምሌ 2008 በ19 ሚሊዮን ፓውንድ ሊቨርፑልን ተቀላቅሎ፣ የታዋቂዎቹን 7 ቁጥር ማሊያ ለብሶ፣ በሊጉ በ19 ጨዋታዎች 5 ግቦች ማስቆጠሩ ለዚያ ዋጋ ጥቂት ነው። የመጀመሪያ ግቡን ለማግኘትም እስከ ጥቅምት መጀመሪያ፣ ከኔዘርላንዱ ክለብ ፒኤስቪ ጋር እስከተደረገው ጨዋታ ድረስ ጠብቋል።

ይሁን እንጂ የቀን መቁጠሪያውን ጠጋ ብሎ ለሚያይ ታሪኩ ሌላ መልክ አለው። በታኅሣሥ 21 በኤሚሬትስ ስታዲየም አርሰናል ላይ ግሩም ግብ አስቆጠረ፤ በፈረንጆች ገና ማግስት ቦልተን ላይ ሁለት ጨመረ። አጥቂ ሲሞቅ መስመር እየያዘ ነው ይባላል፤ እርሱ ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት በተደጋጋሚ በተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ በጥር የዝውውር መስኮት መዝጊያ ቀንም በ12 ሚሊዮን መነሻ ዋጋ ወደ ቶተንሃም ተመለሰ።

ምክንያቱን በሁለት ነገር መፈለግ ያስፈልጋል። አንደኛው የአጨዋወት ሥርዓቱ ነው፤ አሰልጣኙ ራፋኤል ቤኒቴዝ ፈርናንዶ ቶሬስን ብቻውን ከፊት አቁሞ ከኋላው ስቲቨን ጄራርድን ያሰልፍ ነበር። ኪን ደግሞ በቶተንሃም የበለጸገው ከሌላ አጥቂ ጋር ተጣምሮ፣ ከእርሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ኳስ እየተቀበለ ወደ ሳጥን በመግባት ነው፤ ያን ቦታ በሊቨርፑል ጄራርድ ይዞታል። ሁለተኛው በክለቡ አመራርና በአሰልጣኙ መካከል የነበረው ፍትጊያ ነው፤ በዚያ ክረምት ቤኒቴዝ አጥብቆ ሲፈልግ የነበረው የአስቶንቪላውን አማካይ ጋሬዝ ባሪን ነበር፤ እርሱ ሳይገዛለት ኪን መጣ። ተጫዋቹ በገባበት ቤት ውስጥ ጠብ እንዳለ ሳያውቅ የገባ እንግዳ ሆነ ማለት ይቻላል። ከነጉድለቱ፣ በስድስት ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ ለደረሰው ነገር ሁሉ ተጠያቂው እርሱ ብቻ ነው ማለት ግን ፍትሐዊ አይደለም።

«በሄደበት ሁሉ ‹በልጅነቴ የምደግፈው ክለብ ነው› ይላል»

ሊቨርፑልንም ሴልቲክንም ከልጅነቱ እንደሚወድ ተናግሯል፤ ቀልዱ ከዚያ ተነስቶ እየተራባ አሜሪካና ህንድ ድረስ ተከተለው። ለደብሊን ልጅ ግን የእንግሊዝ ክለብና ሴልቲክን አንድ ላይ መደገፍ የሚጋጭ ነገር አይደለም፤ የተለመደ ነው። ሴልቲክን በ1887 ግላስጎው ውስጥ የመሠረቱት አየርላንዳውያን ስደተኞች ናቸው። ኪን ልጅ በነበረበት በ1980ዎቹ ደግሞ ሊቨርፑል ውስጥ እንደ ሮኒ ዌላን፣ ሬይ ሃውተን እና ጆን ኦልድሪጅ ያሉ የአየርላንድ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች ነበሩ። በ2010 ለሴልቲክ በውሰት በሄደበት ጊዜ በ19 ጨዋታዎች 16 ግቦች ማስቆጠሩ ደግሞ ለፍቅሩ በቂ ማስረጃ ይመስለኛል።

«ለአገሩ ያስቆጠራቸው ግቦች በሙሉ ደካማ ቡድኖች ላይ ናቸው»

በ146 ጨዋታዎች 68 ግቦች አስቆጥሯል፤ ከእርሱ በፊት የአየርላንድ ክብረ ወሰን የነበረው የኒያል ኲን 21 ግብ ነው። ሳን ማሪኖ፣ ፋሮ ደሴቶችና ጂብራልታር ላይ ሦስት ሦስት ግቦች ማስቆጠሩ እውነት ነው፤ ቡድኑ ሦስቱንም ጨዋታዎች በተሸነፈበት በዩሮ 2012 ደግሞ አንድም ግብ አላገባም። ነገር ግን ጀርመን፣ ስፔን፣ ጣሊያን፣ ኔዘርላንድስ እና ፈረንሳይ ላይም አስቆጥሯል። በኅዳር 2009 ቲየሪ ኦንሪ ኳስ በእጁ ነክቶ አየርላንድን ከዓለም ዋንጫ ያስቀረበት የፓሪሱ ጨዋታ ሲነሳ፣ በመደበኛው ሰዓት አየርላንድን ያስመራችው ግብ የማን እንደነበረች የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ የኪን ነበረች።

ከሁሉም የምትበልጠው በ2002 ዓለም ዋንጫ በጃፓኗ ኢባራኪ የተገኘችው ናት። ጀርመን 1 ለ 0 እየመራች፣ ሰዓቱ 92ኛ ደቂቃ ላይ ደርሷል። ስቲቭ ፊናን ረጅም ኳስ ወደ ፊት ጣለ፤ ረጅሙ ኒያል ኲን ዘሎ በጭንቅላቱ አቀበለ፤ ኪን ተከላካዮቹን አልፎ ሲመታ ኦሊቨር ካን ቢነካውም ኳሷ የግቡን ቋሚ ገጭታ መረብ ውስጥ ገባች። ጀርመን በዚያ ውድድር እስከ ፍጻሜው ድረስ የተቆጠረባት ግብ ይህች ብቻ ነበረች፤ ከእርሷ በኋላ ካንን ያሸነፈው በፍጻሜው ሁለት ያገባበት ብራዚላዊው ሮናልዶ ነው። አየርላንድ በጥሎ ማለፉ ስፔንን ስትገጥምም በ90ኛው ደቂቃ የፍፁም ቅጣት ምቱን አስቆጥሮ ጨዋታውን ወደ ተጨማሪ ሰዓት የወሰደው እርሱ ነበር፤ በመለያ ምቶችም የራሱን አልሳተም፣ ቡድኑ ግን 3 ለ 2 ተሸነፈ።

«አሜሪካ የሄደው ለጡረታ ነው»

በ2011 ጋላክሲን ሲቀላቀል 31 ዓመቱ ነበር። ከዴቪድ ቤካም እና ላንደን ዶኖቫን ጋር በ2011 እና በ2012 የሊጉን ዋንጫ አነሳ፤ በ2014 ቤካም ከሄደ በኋላ ደግሞ 19 ግቦች አስቆጥሮና 14 አቀብሎ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። የዚያን ዓመት የፍጻሜ ጨዋታ በ111ኛው ደቂቃ ባስቆጠረው ግብ ኒው ኢንግላንድን 2 ለ 1 አሸንፎ ያጠናቀቀውም ራሱ ነው። በሊጉ መደበኛ ውድድር በ125 ጨዋታዎች 83 ግቦች ማስቆጠር የጡረተኛ ሥራ አይደለም። በመካከሉ፣ በ2012 መጀመሪያ፣ ለአስቶንቪላ በውሰት ተመልሶ የመጀመሪያ ክለቡን ዎልቭስን በሜዳው በሁለት ግቦች ጎድቶታል። የህንዱ ኤቲኬ ቆይታው ግን በእርግጥም የማምሻ ጉዞ ነበር፤ የቀድሞ የቶተንሃም ጓደኛው ቴዲ ሸሪንግሃም አሰልጣኝ ሆኖ ቢጠብቀውም በዓመቱ መካከል ተሰናበተ፤ በመጨረሻም ኪን ራሱ ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆነ።

«ዋንጫ አላገኘም»

ፕሪምየር ሊጉን አላሸነፈም፤ በእንግሊዝ ያገኘው ብቸኛ ዋንጫ በ2008 ቶተንሃም ቼልሲን 2 ለ 1 የረታበት የሊግ ካፕ ነው። በዚህ ላይ ሦስቱ የአሜሪካ ዋንጫዎችና በ1998 ከአገሩ ወጣቶች ጋር ያነሳው ከ18 ዓመት በታች የአውሮፓ ዋንጫ ይጨመራሉ። በእስራኤል የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ምናልባት ይበልጥ የሚያውቁት በአሰልጣኝነቱ ነው፤ በ2024 ከማካቢ ቴል አቪቭ ጋር የአገሪቱን ሊግ ካሸነፈ በኋላ ለቅቆ፣ በ2025 ደግሞ ከሃንጋሪው ፈረንስቫሮሽ ጋር ሌላ የሊግ ዋንጫ አንስቷል።