«ፓን አውት» ከየት መጣ?

ሰሞኑን አንድ ስብሰባ ላይ «እስቲ ፓን አውት አድርገን ጉዳዩን በስፋት እንየው» ሲባል ሰማሁ። ራቅ ብለን እንየው ለማለት ነው። እሱ ግን በእንግሊዝኛ ዙም አውት ነው የሚባለው። የካሜራው ፓን ከፓኖራማ የተቆረጠ ሲሆን ካሜራን ወደ ጎን ማዞር ነው፤ ከፓን አውቱ ፓን ጋር ዝምድና የለውም። ፓን አውት አደረገ የሚባለው የታሰበ ነገር ሲሰምር ነው።

የዚህኛው ፓን የወርቅ አጣቢ ሳፋ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 1848 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ኮሎማ በሚባል ቦታ፣ ጄምስ ማርሻል የእንጨት መሰንጠቂያ ወፍጮ ሲያሠራ በውኃ መውረጃው ውስጥ ወርቅ አየ። ወሬው ተዛመተ። በጥቂት ዓመታት ወደ 300,000 ሰው ጎረፈ። ብዙው ስለ ማዕድን የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ዶማ፣ አካፋና ያቺን ዝርግ የብረት ሳፋ ይዞ ነው የመጣው።

አሠራሩ ደስ ይላል። ሰውየው ወንዝ ዳር ቁጢጥ ይላል። ሳፋውን ደለል ሞልቶ ውኃ ውስጥ ይነክራል። ትልልቁን ድንጋይ ለቅሞ ይጥላል፤ ጭቃውን በእጁ እያሸ ያሟሟዋል። ከዚያ መናጥ ነው፤ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ወርቅ ከተራው አሸዋ ሰባት እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል። ሳፋው ዘንበል ሲል ቀላሉ አሸዋ ከውኃው ጋር ይፈሳል። በመጨረሻ ጭብጥ የማትሞላ ጥቁር አሸዋ ትቀራለች። እሷን በትንሽ ውኃ ቀስ አድርጎ ያሽከረክራታል። ጠርዟ ላይ ቢጫ ነገር ብልጭ ካለ፣ እሰየው። ካላለ፣ እንደገና ወደ አካፋው።

መጀመሪያ ፓን አውት የሚያደርገው ሰውየው ነበር፤ ወርቁን አጥቦ ሲያወጣ። ኋላ ግን መሬቱ ራሱ ፓን አውት አደረገ መባል ጀመረ። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩን የለወጠው የጎረቤት ወሬ ነው። ወንዝ ተካፍለው ጎን ለጎን የሚቆፍሩ ሰዎች ማታ ሲገናኙ «ያንተ ቦታ እንዴት ነው?» ነው የሚባባሉት። ልፋቱ የሁሉም አንድ ነው፤ የሚለያያቸው መሬቱ ነው። ስለዚህ ቃሉ ከሰው ወደ አፈር ዞረ፤ ከአፈር ደግሞ ወደ ዕቅድ፣ ወደ ድርድር፣ ወደ ንግድ።

እና «ፕሮጀክቱን ፓን አውት አድርገነዋል» ብላችሁ ሪፖርት ላይ አትጻፉ። የሚሰምረው ወይም የማይሰምረው ፕሮጀክቱ ነው። ቃሉ ደግሞ የሚመጣው አሸዋው ታጥቦ ካለቀ በኋላ ነውና ትናንት በተጀመረ ሥራ ላይ አትለጥፉብኝ።