በደል የሌለበት ጸጸት ምንድን ነው?

ከአራስ ቤት ከወጣች ጥቂት ሳምንት የሆናት እናት ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ልጇ አጠገቧ ተኝቷል። ድንገት «በዚህ ቢላ ብወጋውስ?» የሚል ሐሳብ ብልጭ ይልባታል። ክው ትላለች። ቢላውን በጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሳጥን አናት ላይ ትደብቀዋለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከልጇ ጋር ብቻዋን መቅረት ትፈራለች። «ምን ዓይነት እናት ብሆን ነው?» እያለች ታለቅሳለች።

ልጇን አልነካችውም። መንካትም አትፈልግም። ጸጸቷ ግን የገደለ ሰው ጸጸት ነው።

ይህ ኦሲዲ የሚባል የአእምሮ ሕመም ነው፤ ያልፈለጉት ሐሳብ እየተመላለሰ ያስጨንቃል፣ ጭንቀቱን ለማብረድም አንድን ነገር ደጋግሞ ያስደርጋል። ኦሲዲ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን እጅ መታጠብ ነው። ግን ሃያ ጊዜ የሚታጠበው ሰው ቆሻሻ ስለሚጸየፍ ብቻ ላይሆን ይችላል። «በእኔ ግዴለሽነት ልጆቼ ቢታመሙስ?» ብሎ ነው። ግማሽ መንገድ ከሄደች በኋላ «ወራጅ አለ» ብላ ምድጃውን ልታይ የምትመለሰውም እንደዚያው።

መጥፎ ሐሳብማ ለማን ያልመጣ አለ? እ.ኤ.አ. በ1978 ራክማንና ደ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎችን ሲጠይቁ፣ አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ያልፈለጉት ሐሳብ እንደሚመጣባቸው ተናገሩ። ጤነኛው «ወይ ጉድ» ብሎ ሽንኩርቱን መክተፉን ይቀጥላል። የታመመው ግን ማሰብን ከማድረግ እኩል ይቆጥረዋል። ሐሳቡን ሊያባርር ይታገላል፤ በታገለ ቁጥር ይብስበታል።

ሃይማኖተኛ ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ ሕመም መሆኑን መለየት ይከብዳል። ሙስሊሙ «ወስዋስ» ይለዋል፤ ውዱእ አድርጎ ሳይጨርስ «አልተሟላም» ብሎ እንደገና ይጀምራል። ክርስቲያኑ ንስሐ አባቱ ጋር ደጋግሞ ይሄዳል። የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ኢግናጥዮስ ዘሎዮላም እ.ኤ.አ. በ1522 ማንሬዛ በምትባል የስፔን ከተማ በዚሁ ተሠቃይቷል። የተናዘዘውን ኃጢአት መልሶ መላልሶ ሲናዘዝ፣ አናዛዡ «በጣም ግልጽ ካልሆነ በቀር ያለፈውን አታንሣ» አሉት። እሱ ግን ሁሉም ግልጽ ሆኖ ታየው። ራሱን ለማጥፋት እስከ መፈተን ደረሰ። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ሰውየው የእምነት ጉድለት አልነበረበትም።

ድብርት ላይ ጸጸቱ ሌላ መልክ አለው። ድብርት ስል ቅዳሜ ከሰዓት «ደበረኝ» የምንለውን አይደለም፤ ሕመሙን ነው። በኦሲዲ የተያዘው «ባጠፋስ?» ይላል፤ ድብርት ያለበት «አጥፍቻለሁ» ብሎ ፈርዶ ጨርሷል። ከዓመታት በፊት ለእናቱ ስልክ ያልደወለበት ቀን ሌሊት ይመጣበታል። ከዚያ ጥፋቱ ራሱ ሰውየው ይሆናል፤ «እኔ ሸክም ነኝ፣ ባልኖር ይሻላቸዋል።» ይህን ቃል ከሰማችሁ ሰውየውን ብቻውን አትተዉት፤ ሞት አስበህ ታውቃለህ ወይ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት፤ ሐኪም ዘንድም ይዛችሁት ሂዱ። ሁለቱ ሕመሞች አንድ ሰው ላይ መገናኘታቸውም የተለመደ ነው።

ወደ እናቲቱ እንመለስ። «አይዞሽ፣ አንቺ እኮ ጥሩ እናት ነሽ» ብንላት ለጊዜው ቀለል ይላታል፤ ማታ ያንኑ ጥያቄ ይዛ ትመጣለች። ማጽናኛውም እንደ እጅ መታጠቡ ሱስ ይሆናል። የሚረዳት እ.ኤ.አ. በ1966 የሥነ ልቦና ባለሙያው ቪክቶር ማየር ለንደን ውስጥ መንገዱን የጀመረለት የንግግርና የልምምድ ሕክምና ነው። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶችም ለሁለቱም ሕመሞች ይታዘዛሉ፤ ለኦሲዲ ግን ብዙ ጊዜ መጠኑ ከፍ ይላል፤ ለውጡም ሳምንታት ይፈጃል። (አንዲት ወላድ ድምፅ ካዘዛት ወይም ልጁን መጉዳት ትክክል ነው ብላ ካመነች ግን ያ ሌላ ሕመም ነው፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለባት።)

ልምምዱ እንዲህ ነው። ቢላው ከቁም ሳጥኑ አናት ይወርዳል። ልጁ አጠገቧ ይተኛል። ሐሳቡ ሲመጣ አታባርረውም፣ ባሏንም «ጥሩ እናት ነኝ አይደል?» ብላ አትጠይቅም። ልቧ እየመታ ሽንኩርቱን ትከትፋለች። ነገም እንዲሁ።