ተወዳዳሪ ጀልባ ቅድሚያ አለው?

በደቡብ እንግሊዝ የሶለንት ሰርጥ በየበጋው የካውስ ሳምንት የሸራ ጀልባ ውድድር ሲካሄድ፣ ለሽርሽር የወጣ ባለጀልባ «ውድድር ላይ ነን፤ ዞር በል!» ሊባል ይችላል። ጩኸቱ ሕጋዊ መሠረት የለውም! የውድድር ደንቡ ራሱ፣ ተወዳዳሪ ከሌላ ጀልባ ጋር ሲገናኝ በ1972ቱ ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ እንዲገዛ ያዝዛል። በዚህ ደንብ ሁለት የሸራ ጀልባዎች ነፋስን በተለያየ ጎን ሲቀበሉ፣ በግራ ጎኑ የሚቀበለው መንገድ ይለቃል፤ ጎናቸው አንድ ከሆነ ደግሞ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው። ሞተሩን አስነስቶ የሚጓዝ ግን ሸራ ቢዘረጋም እንደ ሞተር ጀልባ ይቆጠራል፤ ብዙ ሽርሽረኞች የሚዘነጉት ይህንን ነው።

አስቀድሞ ከተወዳዳሪዎች መንገድ መራቅ ጨዋነት ነው፤ አጥብቄ እደግፈዋለሁ። ከተቀራረቡ በኋላ ግን ባለቅድሚያው በይሉኝታ መዞር የለበትም፤ ሌላው ግዴታውን እንደማይወጣ ግልጽ እስካልሆነ ድረስ አቅጣጫውንና ፍጥነቱን መጠበቅ አለበት።