ፓሲቭ ሴይስሚክ ቶሞግራፊ ምንድን ነው?

ፓሲቭ ሴይስሚክ ቶሞግራፊ በተፈጥሮ የሚነሱ አነስተኛ የመሬት መንቀጥቀጦችን ሞገድ እየመዘገበ፣ ሞገዱ ያለፈባቸውን አለቶች አቀማመጥ በምስል የሚያሳይ ዘዴ ነው። በነዳጅ ፍለጋ የተለመደው አሰሳ ፈንጂ በማፈንዳት ወይም መሬትን በሚያርገበግቡ ከባድ መኪናዎች ሞገድ ወደ ታች ይልክና ከአለት ንጣፎች ነጥሮ የሚመለሰውን ያዳምጣል፤ ይህኛው ግን ምድር ራሷ እስክትንቀጠቀጥ ይጠብቃል።

ሐሳቡ ዕድሜ ጠገብ ነው። ክሮኤሺያዊው የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪ አንድሪያ ሞሆሮቪቺች ከዛግሬብ ብዙም ሳይርቅ እ.ኤ.አ. በ1909 የደረሰውን መንቀጥቀጥ መዝገቦች ሲመረምር፣ ከምድር ቅርፊት ሥር ሞገድ ይበልጥ የሚፈጥንበት ሌላ ንጣፍ መኖሩን ደርሶበታል። ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች፣ ኬይቲ አኪና ዊሊያም ሊ፣ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 በአካባቢው የሚነሱ መንቀጥቀጦች ሞገድ በአንድ ቦታ ከርሰ ምድር የሚጓዝበትን ፍጥነት በሦስት አቅጣጫ ለማስላት እንደሚያገለግሉ አሳዩ።

አሠራሩ በሞገድ ፍጥነት ላይ የተመሠረተ ነው። ፒ የተባለው፣ ቀድሞ የሚደርሰው ሞገድ በልል ደለል አለት ውስጥ በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፣ በግራናይት ውስጥ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በአካባቢው በተበተኑ በርካታ መሣሪያዎች ለወራት የተመዘገቡት መንቀጥቀጦች፣ አብዛኞቹ ሰው እንኳ የማይሰማቸው፣ እያንዳንዱ ጣቢያ የደረሱበት ሰዓት ይለካል፤ ኮምፒውተሩም ልክ እንደ ሲቲ ስካን እርስ በርስ የሚያቋርጡትን የሞገድ መንገዶች አገናኝቶ ፈጣኑንና ዘገምተኛውን ክፍል ይለያል። አስቸጋሪው ነገር መንቀጥቀጡ የተነሳበት ቦታና ሰዓትም አስቀድሞ አለመታወቁ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ሞገዱ በአለቱ ውስጥ ካለው ፍጥነት ጋር አብረው መሰላት አለባቸው። ኤስ የተባለው፣ ከፒ ዘግይቶ የሚደርሰው ሞገድ ሲጨመር ደግሞ ፍንጩ ይበረክታል፤ በአለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ጋዝ ካለ ፒ ሲዘገይ ኤስ ብዙም አይለወጥምና።

የዘዴው ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ወፍራም ባዛልት በሸፈናቸው ወይም ተራራማ በሆኑ ስፍራዎች ነው፤ በዚያ ከላይ የሚላከው ሞገድ ሲበታተን፣ ከታች የሚመጣው ግን ሽፋኑን የሚያቋርጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ምስሉ ደብዛዛ ነው። በሰከንድ 4 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ፣ በሰከንድ 5 ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ ርዝመቱ 800 ሜትር ስለሚሆን፣ ጠባብ የነዳጅ ማከማቻን ለይቶ አያሳይም። የደለል ተፋሰሱን፣ ማለትም ደለል አለት የተከማቸበትን ሰፊ ጎድጓዳ ስፍራ፣ ጥልቀትና ስፋት አመልክቶ ውድ የሆነው አሰሳ የት ቢደረግ እንደሚሻል ይጠቁማል እንጂ ነዳጅ አገኘሁ አይልም።

በኢትዮጵያ ኢግል በሚል ምህጻር የሚታወቀው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 የተፈጥሮ መንቀጥቀጥንና ፍንዳታን አጣምሮ የስምጥ ሸለቆውን ቅርፊት መርምሯል፤ ዓላማው ግን ነዳጅ አልነበረም። መንቀጥቀጥ የሚበዛው በአፋርና በስምጥ ሸለቆው ሲሆን፣ የካሉብ ጋዝ የተገኘው ከዚያ ርቆ በኦጋዴን ነው፤ በዚያ ምድሩ ቶሎ ቶሎ ስለማይንቀጠቀጥ የሚጠብቅ ሰው ብዙ መጠበቅ ይኖርበታል።